አሥራ አራት ቀይ ልቦች

ይህን ታሪክ የምናገረው ተቆጥቼ ነው፤ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ስለ ክፉ ሰዎች ባወራ ኖሮ እንኳ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ረግሞ ማለፍ ይቻላል። የማወራው ግን ስለ ጥሩ ሰዎች ነው። የተማሩ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ፣ እርስ በርስ የሚዋደዱ፣ በየጠዋቱ «እንዴት አደራችሁ» የሚባባሉ ዘመዳሞች ናቸው። ደሜን የሚያፈላውም ይኸው ጥሩነታቸው ነው።

ከእነሱ አንዷ በአንድ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ስልክ ማንሳት ሳይሆን ስልክ የሚያነሱትን ማዳመጥ ነው። ደንበኞች ደውለው ከሠራተኞቹ ጋር የሚነጋገሩት ሁሉ ይቀዳል። እሷ ጠዋት ትገባና ትልቁን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ከተቀዳው እየመረጠች ትሰማለች። ሠራተኛዋ ደንበኛውን አቋርጣለች ወይ? ነገሩ ሳይገባት መልስ ሰጥታለች ወይ? ይህን የምትሞላበት ቅጽ አላት፤ ስትሞላም ለማንም አታዳላም። ባልደረቦቿ «አድማጯ» ይሏታል። እኔም እንዲሁ እላታለሁ፤ ስሙ ይገባታል አይገባትም የሚለውን ግን አብረን እናየዋለን።

አድማጯን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። እሷን ብቻም አይደለም። ወላጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ርቀው በሄዱባቸው ዓመታት የእህቷን ሦስት ልጆችና የወንድሟን ሁለት ልጆች ሰብስባ፣ አንዲት መስኮት ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እየጠገነች አሳድጋቸዋለች። የተቀደደ ኪስ፣ ክርኑ ያለቀ ሹራብ፣ የወለቀ ቁልፍ፣ የተተረተረ ጠርዝ፣ የሰፈሩ ልብስ ሁሉ ወደዚያች መስኮት ይመጣ ነበር። ግራ ዓይኗ ከድሮም ደካማ ስለነበረ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ያታክታታል። ስለዚህ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በተራ በተራ እግሯ ሥር እየተቀመጡ ክር ያስገቡላታል፤ እሷም ታወራላቸዋለች።

አወራሯ ደግሞ የራሷ ሕግ ነበረው። ታሪኩ መሃል ላይ ድንገት ቆም ትላለች። መርፌዋም ይቆማል። በዚህ ጊዜ የክር ተረኛው ልጅ «ከዚያስ?» ማለት አለበት። ካላለ ታሪኩ እዚያው ላይ ይቀራል። «የሚሰማኝ ሰው ሳይኖር ለግድግዳ አላወራም» ትላለች። አንድ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ተራው ደርሶ ሳለ እንቅልፍ ጣለውና አንድ ነጋዴ ወንዝ መሃል ላይ ከነበቅሎው ሳምንት ሙሉ ቆሞ ቀረ። የቀሩት አራቱ ያንን ልጅ ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩትም።

ሌላም ጠባይ ነበራት። ጉዳይን ከጉዳዩ አትጀምርም። ጨው አለቀ ለማለት እንኳ ከአንድ መርከበኛ ነበር የምትነሳው። መርከበኛው ባሕር ያቋርጣል፣ ማዕበል ይመታዋል፣ ከሞት ይተርፋል፣ በመጨረሻ ቤቱ ገብቶ ሾርባውን ሲቀምስ ፊቱን ያኮማትራል፤ በዚህን ጊዜ አንዱ ልጅ ተነስቶ ጨው ሊገዛ ይሮጣል። ልጆቹ ይህን ያውቁ ነበር። ፍሬ ነገሩ መጨረሻ ላይ እንዳለ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚህ ምድር ላይ አልነበረም። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ልጆቹ አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ በየአቅጣጫው ተበታተኑ። አክስቲቱ እዚያችው ክፍል ውስጥ ቀረች፤ «መስኮቴን ለማን ጥዬ?» ብላ ከልጆቹ ጋር መኖርን እምቢ አለች። ያን ጊዜ አድማጯ ስልክ ገዝታላት የቤተሰብ ግሩፕ ከፈተች። ስሙን «የመስኮቷ ልጆች» አለችው። ልጅ፣ ሚስት፣ ባል፣ የልጅ ልጅ ተደምረው አሥራ አራት ሆኑ። አክስቲቱ መጻፍ ስለሚከብዳት ድምፅ መላክ አስተማረቻት። የመጀመሪያው ድምፅ እንደተላከ ከየአቅጣጫው ቀይ የልብ ምልክት ጎረፈላት።

«ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?» አለች አክስቲቱ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ።

«ሰምተናል ማለት ነው፣ አክስቴ።»

«ልክ እንደ ‹ከዚያስ?›»

አድማጯ ሳቀች። «አዎ፣ እንደ ‹ከዚያስ?› ቁጠሪያት» አለቻት።

እንዲህ ያለ ቃል እንደ ዋዛ ይነገራል። ነገር ግን ለዚያች ሴት «ከዚያስ?» ማለት ቀልድ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉም በጉጉት ሰሙ። ቀጥሎ የአድማጯ ታላቅ ወንድም፣ መድኃኒት አከፋፋዩ፣ አንድ ደንብ አወጣ። «አክስቴ፣ እየደወልሽ ስብሰባ ላይ ታገኚኛለሽ። በሥራ ሰዓት አትደውይ፤ ድምፅ ላኪልን፣ በተመቸን ሰዓት እንሰማዋለን» አላት። እሷም «እሺ የኔ ጌታ» ብላ መደወል ተወች። ከዚያ አንዳንዶቹ ድምፁን በእጥፍ ፍጥነት ማዳመጥ ጀመሩ፤ ያ የተከበረ ድምፅ እንደ ጫጩት ሲንጫጫ ይስቁ ነበር። ቆየት ብሎ እሱም ሰለቻቸው። በመጨረሻ አጭሬ መላ አመጣ።

አጭሬ ያ ነጋዴውን ወንዝ መሃል ያስቀረው ልጅ ነው። አሁን ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው የመጋዘን ሠራተኛ ሆኗል። አጭሬ የተባለው ነገር ስለሚያሳጥር ነው። አክስቲቱ ድምፅ ስትልክ እሱ ቀድሞ ይሰማና ከሥሩ በአንድ መስመር ይጽፋል፦ «ደህና ናት። የአንድ አናጢ ታሪክ ነው።» ሌሎቹ ያችን መስመር ያነባሉ፣ ቀይ ልባቸውን ይጫናሉ፣ ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። «አጭሬ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ይባላል። አሳዳጊ እናታቸውን የሚሰማላቸው ሰው ሾመው ሲያበቁ ያመሰግኑታል!

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ የሚረዝም ድምፅ መጣ። አጭሬ ከሥሩ «ደህና ናት። የሰዓት ጠጋኝ ታሪክ ነው» ብሎ ጻፈ። አድማጯ አሳንሰር ውስጥ ነበረች። አንድ እጇ ላይ ሻይ ይዛለች፤ በሌላው አውራ ጣቷ ቀይ ልቡን ተጫነች። አሳንሰሩ አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ነገሩን ረስታዋለች። ዕለቱ ሳያልቅ አሥራ አራቱም ልቦች ተሟሉ። የሚያስፈልገው ነገር ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነበር፤ እዚያ የደረሰ አንድም ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እንዲሁ አለፉ። ዓርብ ጠዋት አድማጯ አንዲት ወጣት ስልክ ተቀባይ ቢሮዋ ጠርታ የተቀዳ ጥሪ አሰማቻት። በጥሪው ላይ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ሠርግ ጀምረው፣ በጎረቤታቸው ውሻ በኩል አድርገው፣ ገና ወደ ጉዳያቸው እየተጠጉ ሳለ ልጅቷ «እሺ እናቴ፣ ተረድቻለሁ፣ እናስተካክላለን» ብላ ዘግታባቸዋለች።

«ምኑን ነው የተረዳሽው?» አለች አድማጯ።

ልጅቷ ጣቶቿን አፍተለተለች። «እትዬ፣ ለአንድ ጥሪ የተሰጠን ሦስት ደቂቃ ነው። እሳቸው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ቶሎ ወደ ነጥቡ ቢመጡ እኔም እሰማቸው ነበር። ደግሞኮ በትሕትና ነው የዘጋሁት።»

«በትሕትና ዋሸሻቸው በያ! ሳትሰሚ ሰማሁ ማለት ዝም ከማለት ይብሳል። ዝም ብትያቸው ሌላ የሚሰማቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። አሁን ግን ተሰማሁ ብለው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ማንን ነው የሚጠብቁት? አንቺን! አንቺ ደግሞ የት አለሽ? ረስተሻቸዋል!»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ቅጹ ላይ ዜሮ ሞልታ ልጅቷን አሰናበተቻት። በሩ እንደተዘጋ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ከአክስቷ ስልክ የተላከ ድምፅ ነበር፤ ርዝመቱ ስምንት ሰከንድ ብቻ። አጭሯ ነገር ገርማት ከፈተችው። የወንድ ድምፅ ነው፤ የአክስቷ ጎረቤት፣ ልብስ ተኳሹ።

«እናንተ ሰዎች፣ እትዬ ከሰኞ ጀምሮ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ይጠብቋችኋል። የሚመጣው ማነው?»

ይህችን ሁሉም ሰማት። ለስምንት ሰከንድ ጊዜ አላቸዋ!

አድማጯ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ለማንም ሳትናገር ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ማዳመጫዋን ሰክታ የሰኞውን ድምፅ ከመጀመሪያው አንስቶ መስማት ጀመረች።

አክስቷ ሰላምታዋን የምታቀርበው ለእያንዳንዱ በየተራ ነበር። የታላቅ ወንድሟ ልጅ ጥርስ በቅሎለት እንደሆነ፣ አጭሬ ወገቡን ተሽሎት እንደሆነ፣ አድማጯ ራስ ምታቷ ትቷት እንደሆነ ጠየቀች። አሥራ አራት ሰው ነው፤ አንድም አልዘለለችም። አራት ደቂቃ ወሰደባት። ከዚያ «አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበር» አለች። «ሱቁ እንደ እኔዋ ክፍል አንዲት መስኮት ብቻ ነበረችው።»

ድምፁ ቆመ። አድማጯ አውታሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየችው፤ ድምፁ ግን እየሄደ ነው። አክስቷ ትተነፍሳለች። ከመንገድ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ከሦስት ሰከንድ በኋላ አክስቷ ልክ አንድ ሰው የመለሰላት ይመስል «እህ፣ ኋላማ…» ብላ ቀጠለች።

ያን ጊዜ ለአድማጯ ነገሩ ገባት። አክስቷ በዚያች ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ስልኩን አፏ ላይ ይዛ፣ በየቦታው ለ«ከዚያስ?» ጊዜ እየሰጠች ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። በእጥፍ ፍጥነት ሲሰማ ዝምታው አይሰማም።

«…አንድ ቀን የሰዓት ሆድ ዕቃ ሲበረብር በመስኮቱ ጥግ ጥቁር መጋረጃ አየ። ሚስቱን ጠራ። አንቺ ሴትዮ፣ ብርሃኔን የምትጋርጂብኝ ምን በድዬሽ ነው? አላት።»

ዝም።

«ከዚያስ?» አለች አድማጯ። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አያት።

«ሚስትየውም፣ የምን መጋረጃ አመጣህብኝ? ቤታችን ውስጥ ከአንሶላ ሌላ ጨርቅ የት አለና! አለችው። በዚህ ተኳርፈው ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ዋሉ።» አክስቷ ብቻዋን ሳቀች። ደግሞ ዝም አለች።

«ከዚያስ?»

«በሦስተኛው ቀን ሰውዬው መጋረጃውን ሊገፋ ተነሳ። እጁ አየር ጨበጠ። መጋረጃው ለካስ መስኮቱ ላይ አልነበረም። ዓይኑ ውስጥ ነበር።»

ይህኛው ዝምታ ረዘመ። አድማጯ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጫነችው።

«ሰዓት ጠጋኙ እኔ ነኝ፣ ልጆቼ። ከዓርብ ጀምሮ ደህናው ዓይኔ ላይ መጋረጃ ከጎን እየተሳበ ነው። ዛሬ ማለዳ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ፣ ዓይን ሆስፒታል ድረሺ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ብቻዬን እንዳልሄድ የአውቶቡሱ ቁጥር አይታየኝም። ከሥራችሁ ላስቀራችሁ አልፈልግም ነበር… ማን ይመጣልኛል?»

ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝምታ ነው። ትጠብቅ ነበር። ድምፁ እንዲሁ አለቀ።

አድማጯ ከአውቶቡስ ወርዳ እየሮጠች ስትደርስ አክስቷ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ጫማዋ ተቦርሿል። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፤ የጤና ጣቢያው ወረቀት ከቦርሳው ጫፍ ይታያል። የእግር ኮቴ ስትሰማ ፊቷን ቀና አደረገች፤ ግን የምታየው ከአድማጯ ትከሻ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ነበር።

«ማነው? መጣችሁ?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

«አላልኩህም!» አለች አክስቲቱ ወደ ጎረቤቷ ቤት ዞራ፣ በኩራት። «ይመጣሉ አላልኩህም!»

ልብስ ተኳሹ ካውያውን አስቀምጦ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ጥርሱን ነክሶ ተናገረ።

«ሰኞ ዕለት ልቦቹን ቁጠርልኝ አሉኝ፤ ቆጠርኩላቸው። አሥራ አራት ናቸው ስላቸው ‹ሁሉም ሰምተዋል፣ አለቀ› አሉ። ማክሰኞ እኔ ልውሰድዎት አልኳቸው። ‹መጥተው በሩን ተዘግቶ ቢያገኙትስ? ልጆቼን ላሳፍራቸው?› አሉኝ። ረቡዕም ለመንኳቸው፣ ሐሙስም ለመንኳቸው። ልደውልላቸው ስል ‹በሥራ ሰዓት አትደውይ ብለውኛል› ብለው ስልኩን ደበቁኝ። ዛሬ ጠዋት ከቦርሳቸው ሰርቄ ነው የላክሁላችሁ። እኔ በሰው ቤተሰብ የምገባ ሰው አይደለሁም፣ እህቴ፤ ግን እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

አድማጯ የአክስቷን ክንድ ደግፋ ወደ ዓይን ሆስፒታል ይዛት ሄደች።

የዓይን ሐኪሙ አክስቲቱን ስለ ሥራዋ እየጠየቀ ረጅም ጊዜ መረመራት። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ይህ የተጻፈው ሰኞ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው» አለ። «የዓይናቸው የውስጠኛው ሽፋን ከቦታው እየለቀቀ ነበር። ሰኞ፣ ማክሰኞ እንኳ ቢሆን፣ መሃሉ ሳይነካ እንይዘው ነበር። አሁን መሃሉም ለቋል። እንሠራላቸዋለን፤ ብርሃንና ጥላ ይለዩ ይሆናል። መርፌና ክር ግን… የት ነበራችሁ?»

አድማጯ አፏን ሳትከፍት አክስቷ ቀደመቻት።

«አይቆጧቸው፣ ዶክተር። ልጆቼ ሰምተዋል። አሥራ አራቱም መልሰውልኛል። ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ እነሱ እንዲህ አያደርጉም።»

አድማጯ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም። «አልሰማንም፣ አክስቴ።»

«ምኑን?»

«ድምፅሽን። ማናችንም አልሰማነውም።»

«አሥራ አራታችሁም?»

«አሥራ አራታችንም።»

አክስቲቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ቁጣ በሌለበት፣ በእውነት ማወቅ በፈለገ ሰው ድምፅ ጠየቀች።

«ታዲያ ልቡን ለምን ላካችሁልኝ?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ እኔም ለራሴ ጠይቄዋለሁ፤ አንተም ጠይቀው፣ አንቺም ጠይቂው።

ቀዶ ጥገናው ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ብርሃንና ጥላ ተረፈላት፤ ሌላው ሄደ። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ቤተሰቡ ያችን ክፍል ሞላት። አበባ መጣ፣ ፍራፍሬ መጣ፣ ከአንገት በላይ ያልሆነ እንባም መጣ። መድኃኒት አከፋፋዩ ግን ጥፋት ሲገኝ ባለቤት የሚፈልግለት ሰው ነው።

«አክስቴ፣ እንዲያው ለወደፊቱ ብዬ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ አስቸኳይ ነገር በአጭሩ ይነገራል። ‹ዓይኔን አሞኛል፣ ኑ› ብትዪ አልቆ ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ስለ ሰዓት ጠጋኝ ስታወሪ ማን ያውቅልሻል?»

አጭሬ ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ አራት ደቂቃ ሰምቻለሁ» አለ። «ሰላምታውን በሙሉ ሰምቼዋለሁ። ታሪኩ ሲጀምር ተጠራሁና… ደህና ናት ብዬ ጻፍኩ።»

«አራት ደቂቃ ሰምተህ ደህና ናት?» አለ ታላቅየው።

በዚህ ጊዜ አድማጯ የታመቀው ሁሉ ገነፈለባት። «አጭሬን ተወው! አራት ደቂቃ የሰማ እሱ ብቻ ነው። አንተ ስንት ሰከንድ ሰማህ? እኔ ስንት ሰማሁ? ምንም! ደግሞ ‹በአጭሩ› ትላለህ? በልጅነትህ ጨው ለመግዛት መጀመሪያ የምትሮጠው አንተ አልነበርክም? መርከበኛው ሾርባውን ሳይቀምስ ገና ጫማህን ታጠልቅ የነበርከው አንተ አይደለህም? ያን ጊዜ ቋንቋዋን ታውቀው ነበር። አልተለወጠችም፤ እኛ ነን ጆሮ ዳባ ልበስ ያልነው። አትደውይ አልናት፣ እሺ አለች። ድምፅ ላኪ አልናት፣ ላከች። ልቡ ሰምተናል ማለት ነው ብዬ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ በገዛ አፌ! የሌላውን ሰው ልጅ ሳትሰሚ ሰማሁ አልሽ ብዬ ዜሮ ስሰጣት፣ የራሴ ዜሮ አምስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር!»

መድኃኒት አከፋፋዩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ሳያደርገው ኪሱ ውስጥ ከተተው። አክስቲቱ ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣ ነበር። ከልጅ ልጆቹ አንዷ ከባዱን አየር ለማቅለል ብላ «እማማ፣ እስቲ አንድ ታሪክ አውሪልን» አለቻት።

«የለኝም» አለች አክስቲቱ።

ብዙ ቀን አላወራችም። ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ከዚያ አታልፍም። ሁልጊዜ በአጭሩ። «ደህና ነኝ።» «በልቻለሁ።» «ሂዱ፣ ይመሽባችኋል።» ለዓመታት የተመኙት አጭር ንግግር ይኸውና ተገኘ፤ ሲሰሙት ግን ያ የድሮው ረጅም ወሬ ይናፍቃቸው ነበር። ግሩፑ ጭር አለ። አድማጯ ቢሮዋ ተመልሳ ያችን ወጣት ጠርታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ የሦስት ደቂቃው ገደብ እንዲነሳም ለአለቆቿ ጻፈች። «እናየዋለን» ብለዋታል፤ እስካሁን አላዩትም። ግን እሷና ወንድሞቿ ተራ ገቡ። በየቀኑ አንድ ሰው በአካል ይመጣል፤ ስልኩን በር ላይ ባለ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ይገባል። ካርቶኑን ያመጣው አጭሬ ነው።

እንግዲህ የምለውን ልበል። ስልኩን አልወቅስም። ስልክ ከሩቅ ያለን ሰው ድምፅ ጆሮ ውስጥ የሚያስገባ መልካም ነገር ነው። የምወቅሰው ድምፁን ተቀብለን ሰውየውን የምንመልስበትን ጠባይ ነው። ድሮ የሚያወራ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «እሺ፣ እሺ» እያሉ መዋሸት ከባድ ነበር፤ ዓይን ያሳብቃል። ዛሬ በአውራ ጣት እንዋሻለን። ላልሰማነው ሰው ልባችንን እንልካለን፤ ላላነበብነው ኀዘን እናለቅሳለን፤ ለታመመ «አይዞህ» ጽፈን በሩን አናንኳኳም። መስማት ካልቻልን «አልሰማሁም» እንበል፤ ሰውየው ሌላ በር ያንኳኳል። ሳንሰማ «ሰማሁ» ስንል ግን ሰው ወንበሩ ላይ አስረን ነው የምንሄደው። እያንዳንዱ አንባቢ ስልኩን አሁን ከፍቶ ይይ። ቀይ ልብ ተጭኖበት ያልሰማው ድምፅ የሌለው ማን አለ? ካለ፣ ይህ ታሪክ እሱን አይመለከትም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስቱም በአጋጣሚ እዚያች ክፍል ውስጥ ተገናኙ። አድማጯ እንደ ልጅነቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የአጭሬን የተቀደደ ኪስ ትሰፋለች፤ ስፌቷ ጠማማ ነው። ክሩ አለቀባትና አዲስ ክር በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ስትሞክር አክስቲቱ ጆሮዋን አቀናች።

«ክር እያስገባሽ ነው?» አለች።

«አዎ፣ አክስቴ።»

አክስቲቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «አንዲት ሴት ነበረች» አለች።

አጭሬ ትንፋሹን ዋጠ። መድኃኒት አከፋፋዩ ከተደገፈበት ግድግዳ ላይ ቀና አለ።

«ዘመድ የሞላት፣ ልጅ የሞላት ሴት ነበረች። አሥራ አራት። ሁሉም የሚወዷት። አንድ ሰኞ ቀን ጫማዋን ቦርሻ አደረገችና በሩ አጠገብ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች።»

ቆመች። የሚቀጥለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማክሰኞን ያውቁታል፣ ረቡዕን ያውቁታል፣ ሐሙስን ያውቁታል። ሊሰማው የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም። ዝም ቢሉ ታሪኩ እዚያው እንደሚቀር፣ ሴትየዋም ከነጫማዋ በሩ ላይ እንደምትቀር ደግሞ ሁሉም ያውቃሉ።

ተራው የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። አድማጯ መርፌውን ከነክሩ ያዘች። እንባዋ ፊቷን አርሶታል፤ ድምፅዋ ግን እንዲሰማ ጮክ አደረገችው።

«ከዚያስ?» አለች።

አክስቷ ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት አዞረች፤ መልሱ ከማን እንደመጣ ለየችና ቀጠለች።